የዩክሬን የገና ዋዜማ በባሕር ዳር፦ ማዕዱን እንዴት ታሰናዳላችሁ፣ ዘፈኑንስ እንዴት ትሰማላችሁ

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ። ዩክሬኖች ለዘመናት ገናን ያከበሩት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን፣ ታኅሣሥ 29 ነው። በእነሱ ጃንዋሪ 7 ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ራሷን የቻለችው የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የግሪክ ካቶሊኮቹ አቆጣጠራቸውን ቀየሩ። ፓርላማውም የመንግሥት በዓሉን ወደ ዲሴምበር 25 አዞረው። ስለዚህ ዋዜማው ወይ ታኅሣሥ 15 ነው፣ ወይ በድሮው ታኅሣሥ 28።

እኔ ታኅሣሥ 15ን እመርጣለሁ። ታኅሣሥ 28 ማታ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚቆርብ ሰው ደግሞ እህል አይቀምስም። ማንን ልትጋብዙ ነው? ሁለቱም ቀን ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል የምግቡ ነገር አያጨናንቅም። እነሱም በዚያች ማታ ሥጋና ወተት አይነኩም።

ይህን ከየት አመጣሽው ለምትሉኝ፣ የተማርኩት ኪየቭ ነው፣ በሶቪየት ዘመን። ከዚያ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ያኔ ገና በአደባባይ አይከበርም። የሚያጌጠው ጥድ እንኳ የአዲስ ዓመት ጥድ ነው የሚባለው። የክፍል ጓደኛዬ አያት ግን ፖልታቫ ገጠር ውስጥ መጋረጃቸውን ጋርደው ሁሉንም እንደ ወጉ ያደርጉ ነበር። ያየሁት እሳቸው ቤት ነው። የቀረውን በኋላ እያነበብኩ ሞላሁት።

ወደ ድስቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ኢንተርኔት ላይ «የስላቭ ገና ሙሉ በሙሉ ጣዖታዊ ነው» የሚል ጽሑፍ መዓት ነው። ኮልያዳ የምትባል እንስት አምላክ ነበረች፣ በክረምቱ ረጅም ሌሊት ፀሐይን ትወልድ ነበር ይላሉ። ወሬው ደስ ይላል፤ ማስረጃው ግን ሳሳ ያለ ነው። የኪየቭ መስፍን ቮሎዲሚር እ.ኤ.አ. በ980 ኮረብታ ላይ ያቆማቸውን ጣዖታት የጥንቱ ዜና መዋዕል በስም ይቆጥራቸዋል፦ ፔሩን፣ ኾርስ፣ ዳዥቦግ፣ ስትሪቦግ፣ ሲማርግል፣ ሞኮሽ። ኮልያዳ የለችም። በአምላክነት መጠራት የጀመረችው ብዙ ቆይቶ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስሙ ራሱ ከሮማውያን የወር መባቻ በዓል እንደመጣ ነው ብዙ ሊቃውንት የሚያምኑት። ቮሎዲሚር በ988 ሕዝቡን አስጠመቀ፣ ጣዖቶቹን አስጣለ። ፔሩንን ዲኒፕሮ ወንዝ ውስጥ ወረወሩት። ያልተጣለው ሌላ ነገር ነው፦ እህልና ሙታን። ጣዖት ይሰበራል፣ ገበሬ ግን መዝራቱን አይተውም፤ የሞተ ዘመዱንም አይረሳም። እንግዲህ ማዕዱን ስታሰናዱም ዘፈኑን ስትሰሙም የምትፈልጉት እነዚህን ሁለቱን ነው።

ዲዱኽን አስቀድሙ። ዲዱኽ ከነዛላው የታሰረ የስንዴ ወይም የአጃ ነዶ ነው። ዋዜማ ማታ አባወራው በክብር ይዞት ይገባል፣ ሥዕለ አድኅኖ በተሰቀለበት ማዕዘን ያቆመዋል። የአያት የቅድመ አያት መንፈስ በበዓሉ ሰሞን እዚያ ያድራል ይሉ ነበር፤ እኛ አገር አድባር፣ ቆሌ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። በታኅሣሥ አዝመራው ስለሚሰበሰብ ባሕር ዳር ነዶ አይቸግርም። ከአዴት ወይም ከመራዊ በኩል የሚመጣ ሰው ካላችሁ በማጭድ የታጨደ፣ ያልተወቃ ስንዴ አምጣልኝ በሉት። በእጅ የሚታቀፍ ያህል ይበቃል። ወገቡ ላይ በሣር ገመድ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከታች በሦስት ከፍላችሁ እግር አውጡለት፣ ራሱን ችሎ ይቆማል። አንዲት ጎረቤቴ መጀመሪያ ስታየው «ኧረ ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው!» ብላ አማተበች። አልፈረድኩባትም። እዚያም አገር ቄሶቹ ለብዙ መቶ ዓመት ይህንኑ ሲሉ ኖረዋል። በመጨረሻ ግን እነሱም ፀበል ረጭተው ተቀበሉት።

ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ድርቆሽ አንጥፉ። ቤተ ክርስቲያን የቤተልሔም በረት ምልክት ነው ትላለች፤ ከብት ያረባ የነበረ ሰው ግን ድርቆሹን ኋላ ለላሞቹ ነው የሚሰጠው። በአራቱ ማዕዘን ከጨርቁ ሥር አንዳንድ ነጭ ሽንኩርት አስገቡ፣ ክፉ እንዳይቀርብ። ወለሉ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዙ። እነሱ ወለሉ ላይ ገለባ ነው የሚበትኑት፤ እኛ ቄጠማ በእጃችን እያለ ገለባ ምን ያደርግልናል!

አሁን ኩትያ። እሱ ከሌለ ተራ እራት ነው የበላችሁት። ኩትያ ማለት ማር የገባበት የስንዴ ንፍሮ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ብርጭቆ የተፈተገ ስንዴ ታጥቦ ያድራል። በማግስቱ በብዙ ውኃ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ እስኪፈነዳ ቀቅሉት፤ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አጥልሉትና ይቀዝቅዝ። እነሱ የሚያስገቡበት የፓፒ ፍሬ የሚባል ጥቁር፣ ደቃቅ ነገር አለ። ቅዳሜ ገበያ ብትዞሩ አታገኙትም። እኔ በምትኩ ኑግ አደርጋለሁ። ግማሽ ብርጭቆ ኑግ ለቀም አድርጋችሁ አምሱ፣ ውቀጡ፣ ትኩስ ውኃ ጨምራችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። እነሱም ፓፒውን ወቅጠው «ወተቱን» ያወጣሉ፤ ሥራው አንድ ነው። አሮጌ ኑግ እንዳትገዙ፣ ይመራል። ግማሽ ብርጭቆ ማር በኑጉ ውኃ በጥብጡ፣ ስንዴው ላይ አፍስሱ፣ ዘቢብና የተከካ ለውዝ ጨምሩ። ሰፈፍ ያለበት ማር ከሆነ አስቀድማችሁ አሙቁና አጥልሉ።

እኛ ንፍሮ ለቅሶ ቤት እንደምንበላው ሁሉ እነሱም ስንዴውን በቀብርና በሙታን መታሰቢያ ያቀርቡታል። ገና ማታ መቅረቡ ለዚህ ነው። ያቺ ማታ የሙታንም ማታ ናት። ከመቀመጣችሁ በፊት ወንበራችሁን እፍ በሉበት። አያትየው ይህን ካላደረግን አያስቀምጡንም ነበር፦ ነፍስ ተቀምጣ እንደሆነ ላዩዋ እንዳትቀመጡባት። አንድ ትርፍ ሰሃን በዚያ ዓመት ለሞተው ሰው ይቀመጣል። እራቱ ሲያልቅ ኩትያው አይነሳም፣ ማንኪያዎቹም አይታጠቡም፤ ሌሊት መጥተው ይበላሉ። ባሕር ዳር ግን ሌሊት የሚመጣው ጉንዳን ነው። ሰሃኑን ውኃ ባለበት ሳፋ መሐል አስቀምጡት።

ማዕዱ አሥራ ሁለት ዓይነት መሆን አለበት። ለአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ይባላል፤ ከዚያ በፊት ለአሥራ ሁለቱ ወራት ነበር የሚሉም አሉ። የጾም በየዓይነቱ ለሚሠራ ሰው አሥራ ሁለት ምን አላት! ኩትያ አንድ። ያለ ሥጋ የተሠራ የቀይ ሥር ሾርባ፣ ቦርሽች። የፎገራ ሩዝ በጥቅል ጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ። ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ። አተር፣ ባቄላ፣ የተጠበሰ ጎመን፣ ዳቦ፣ ኮምጣጤ የነካው ሰላጣ። ኡዝቫር የሚባለውን መጠጥ እነሱ ከደረቀ ፖምና ፕሪም ያፈሉታል፤ እኔ ከቴምር፣ ከዘቢብና ፀሐይ ላይ ካደረቅሁት ፖም አፈላዋለሁ። ዓሣ እዚያ ግዴታ ነው፤ እኛ ዘንድ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና አላለቀም። ቀረሶ ብትጠብሱ ለብቻው በሌላ መጥበሻ ጥበሱት፣ ለሚጾም እንግዳም በግልጽ ንገሩ።

መብላት የሚጀመረው የመጀመሪያው ኮከብ ሲታይ ነው። ኪየቭ በዚያ ሰሞን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። ቀኑ በሙሉ ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው። እዚያ ካልኖራችሁ ለፀሐይ ለምን እንደሚጨነቁ አይገባችሁም። እኛ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን ብርሃን በታኅሣሥም አለን፤ የሚያስጨንቀን ዝናቡ ነው። ባሕር ዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ ልጆቹን ደጅ ላኳቸው፣ ኮከብ ይፈልጉ። ፋታ ትሰጣችኋለች።

ከዚያ የምወደው ክፍል። አባወራው አንድ ማንኪያ ኩትያ ይዞ በር ወይም መስኮት ላይ ይቆምና ውርጭን ሦስት ጊዜ ይጠራዋል። ና፣ ኩትያ ብላ ይለዋል። ካልመጣህ ደግሞ በጸደይ በስንዴው ላይ እንዳትመጣ! ጉዳትን ራሱን ጋብዘው በወግ ይሸኙታል። ባሕር ዳር ውርጭ የለም። ልጆቹን ማንን እንጥራ ብላቸው አንዱ «እምቦጭን!» አለ። እንዴት አሳቀን። ከዚያ ወዲህ ወደ ጣና ዞረን የምንጠራው እምቦጭን ነው። አንድ ማንኪያ ኩትያ ወደ ጣሪያ የመወርወርም ልማድ አለ፤ የተጣበቀው ፍሬ ብዛት የንቡንና የእህሉን በረከት ይነግራል ይባላል። ኮርኒሳችሁ ነጭ ከሆነ እለፉት።

ዘፈኑ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የእነሱ የገና ዘፈን ሁለት ዓይነት ነው። ገናን ተከትሎ የሚዘፈነው ኮልያድካ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚዘፈነው ሽቸድሪቭካ። የመጀመሪያውን በብዛት ወንዶች፣ ሁለተኛውን ሴት ልጆች ነበሩ በየቤቱ እየዞሩ የሚዘፍኑት። ይህን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ወንዶች ናቸው፤ እንቁጣጣሽ ላይ አበባዮሽ የሚሉት ሴቶች። አካሄዱም ያው ነው። ጌታውን አመስግን፣ እመቤቲቱን አመስግን፣ መርቅ፣ ሙልሙሉን ተቀበል። የማይሰጥ ከመጣ ግጥሟ ትቀየራለች። እዚያም ሙልሙል የሚሆን ዳቦ፣ ቋሊማና ሳንቲም ይሰጣል፣ ሰሳቹም ይሰደባል።

እንግዲህ አንድ ዘፈን ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ማን ነው የሚመሰገነው ብላችሁ ነው። ድንግል፣ ግርግም፣ ሰብአ ሰገል ካሉበት የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹን መነኮሳት አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1790 እና 1791 ፖቻይቭ ገዳም ውስጥ በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። ጌታው ጨረቃ፣ ሚስቱ ፀሐይ፣ ልጆቹ ከዋክብት ተብለው ከተሞገሱ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ናችሁ። እዚያ የሚወደሰው አባወራው ነው፣ የሚመኙለትም እህልና ከብት።

ቀጥሎ ቅዱሳኑ ምን እየሠሩ እንደሆነ ተመልከቱ። በአንዳንዱ ዘፈን እግዚአብሔር ራሱ በወርቅ ማረሻ ያርሳል፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በሬዎቹን ይነዳል፣ እመቤታችን ምሳ ይዛ ማሳ ትወርዳለች። ይህን ለጎጃም ገበሬ ብትነግሩት ምኑ ይገርማል ይላችኋል። ማረሻው ቀድሞ ነበረ፣ ስሞቹ ናቸው በኋላ የመጡት።

ሦስተኛው ምልክት ወቅቱ ነው። ዘፈኑ በበረዶ መሐል እየተዘፈነ ስለ ጸደይ የሚያወራ ከሆነ ጆሯችሁን አቁሙ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሽቸድሪክ እንዲህ ነው። ጭራዋ ለሁለት የተሰነጠቀች፣ ውኃ ላይ ዝቅ ብላ ነፍሳት የምታሳድድ ትንሽ ወፍ ወደ ግቢ ትገባና ጌታውን ትጠራዋለች፤ በጎችህ ወልደዋል ውጣና እይ ትለዋለች። ያቺ ወፍ በጃንዋሪ ዩክሬን የለችም። ብርዱን ሸሽታ አፍሪካ ናት፤ በታኅሣሥ ጣና ዳር ብትቆሙ ዘመዶቿን ታዩአቸዋላችሁ። በጥንቱ የሩስ፣ ማለትም የኪየቭ መሳፍንት አገር፣ አቆጣጠር ዓመቱ የሚጀምረው በመጋቢት ነበር። ዘፈኑ የተዘፈነው ለዚያ አዲስ ዓመት ነው። ዓመቱ ወደ ክረምት ሲዛወር ዘፈኑም ወፏን ይዞ አብሮ ሄደ። እንቁጣጣሽን ወስደን ሐምሌ ጭቃ ውስጥ ብንከትና ልጆቹ አበባ ይዘናል እያሉ ቢዞሩ አስቡት።

የሙዚቃ ደራሲው ሚኮላ ሌዎንቶቪች ይህንኑ አራት ኖታ እየደጋገመ የሚሄድ ዜማ ለመዘምራን አዘጋጀው። ኪየቭ ውስጥ መጀመሪያ የተዘፈነው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1916 ነው። እሱ በጃንዋሪ 1921 በሶቪየት ጸጥታ ወኪል ጥይት አባቱ ቤት ውስጥ ተገደለ። በ1922 የኦሌክሳንደር ኮሺትስ የመዘምራን ቡድን ኒው ዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ አቀረበው። በ1936 ፒተር ዊልሆውስኪ የእንግሊዝኛ ግጥም ሲጽፍለት ወፏን አውጥቶ ደወል አስገባ። የምታውቁት እሱን ከሆነ ዋናውን በዩክሬንኛ ፈልጋችሁ አጫውቱ። ለልጆቹ ወፏን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስለ ዓለም አፈጣጠር የሚዘፈነው ነው። ሰማይም ምድርም አልነበረም፣ ሰማያዊ ባሕር ብቻ። በባሕሩ ላይ አንድ ዛፍ፣ በዛፉ ላይ ርግቦች። ተመካከሩና ጠልቀው ከሥር አሸዋ አወጡ፣ ምድር ከእሱ ሆነች። ወፍ ጠልቃ ምድርን ስታወጣ የሚተርክ ተረት በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ሕዝቦችም ዘንድ አለ። ኦሪት ዘፍጥረትን ለሚያውቅ ሰው ጆሮ እንግዳ ነው። ለጣና ዳር ልጅ ግን አይደለም። ወፍ ወደ ውኃ ጠልቃ አንድ ነገር ይዛ ስትወጣ በየቀኑ ያያል።

በተቃራኒው አንድ ዘዴ አትጠቀሙ። የዘፈኖቹ አዝማች «ዳይ ቦዤ»፣ «አምላክ ሆይ ስጥ» ይላል፣ ይህ የድሮው ዳዥቦግ ስም ነው የሚሉ አሉ። ድምፁ ስለተቀራረበ ብቻ ነው። ጸሎት ጸሎት ነው፤ ተዉት።

ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት እነዚህን ዘፈኖች ብዙ ታግለዋቸዋል። በግሪክ አገር በአቶስ ተራራ ገዳማት የኖረው መነኩሴ ኢቫን ቪሸንስኪ ኮልያዳን ከከተማና ከመንደር አስወጡ ብሎ ጽፏል። የሞስኮው ንጉሥ አሌክሴይ እ.ኤ.አ. በ1648 በአዋጅ ከለከለ። በእኔ ዘመን ደግሞ ሥራው የፓርቲው ነበር። በጃንዋሪ 1972 ሊቪቭና ኪየቭ ውስጥ ምሁራን ታፈሱ። ከመካከላቸው ገጣሚው ቫሲል ስቱስን ጨምሮ በዚያው ገና በየቤቱ እየዞሩ የዘመሩ ነበሩበት። ይህ ከተማሪ ቤታችን ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ የሆነ ነገር ነው። እኔ ስደርስ ግን ማንም አያነሳውም።

የሚቀጥል ካላችሁ ማላንካ አለች፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚወጣ የጭምብል ጨዋታ ናት፣ በድሮው ቀን ጥር 5 ላይ ትውላለች። አንዱ አጎዛ ገልብጦ ይለብስና ፍየል ይሆናል። ፍየሏ በረገጠችበት እህል ይበቅላል እያሉ ይዘፍኑላታል። ትጨፍራለች፣ ትወድቃለች፣ ትሞታለች፣ ከዚያ ዘላ ትነሳለች። የእህሉ ነገር ነው፣ ሌላ አይደለም። ልጆች በጣም ይወዷታል፤ ፍየል ለመሆን እስኪጣሉ። በማግስቱ፣ ጥር 6፣ ወንዶች ልጆች በጠዋት በየቤቱ ስንዴ እየበተኑ ይመርቃሉ። ቀኑ ከእኛ ግዝረት ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ አይደለም፤ እነሱም በድሮው አቆጣጠር ያንኑ በዓል ነው የሚያከብሩት። ስንዴው ሳሎን ሲበተን የሚጠርግ ሰው ቀድማችሁ መድቡ። የበዓሉ ሰሞን የመጨረሻው ኩትያ በጥምቀት ዋዜማ ነው፣ «የረኃብ ኩትያ» ይባላል፣ ቀኑን ጾመው ማታ ይቀምሱታል። እኔ ይህኛውን አልሠራም። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ማን ድስት ይጠብቃል?

ዲዱኹን ግን እንዳትጥሉት። አንዳንዱ ቦታ ፍሬውን ፈልፍለው ከዘር ጋር ይቀላቅሉታል፣ ገለባውን ያቃጥሉታል። እናንተም ፍሬውን ላመጣላችሁ ገበሬ መልሱለት። ገለባውን ስታቃጥሉ ሐይቁ ዳር አይሁን፣ ደረቅ ደንገል በአንድ ብልጭታ ይያያዛል። ጓሮ ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት አቃጥሉትና አመዱን ጌሾው ሥር በትኑት።